ከምርቃቱ በኋላ ያለው ዋጋ

በትንንሽ ከተሞቻችን የሕዝብ አዳራሽ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሰዉ ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ከተማ ተብለን መሰብሰቢያ እንዴት እናጣለን?» ይላል፤ ሌላው «ውሃ በፈረቃ እየጠጣን ምን አዳራሽ አማረን?» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ይህ ምልልስ ያንን ክርክር በሦስት ሰዎች አንደበት ያቀርባል። መምህር ከማስተማር ጡረታ ወጥተው የእድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። እትዬ በዚያው እድር የሴቶቹን ሥራ የሚያስተባብሩ እናት ናቸው። መሐንዲሷ በከተማዋ ተወልዳ፣ ሌላ ቦታ ተምራና ሠርታ የተመለሰች ናት። የሚነጋገሩት በነሐሴ፣ የእድሮቹ ጉባኤ ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

መምህር፦ ልጄ፣ እሑድ ጉባኤው ፊት ከመቅረባችን በፊት ሐሳባችንን እናስማማ። እኔ አቋሜን አልደብቅም፤ አዳራሹ መሠራት አለበት። ይህች ከተማ ትምህርት ቤት አላት፣ ጤና ጣቢያ አላት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አላት። ሀብታም ደሃ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥበት ቦታ ግን የላትም።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ በአስፈላጊነቱ አልከራከርም። ቅር የሚለኝ ስለ ዋጋው የምናወራበት መንገድ ነው። ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው፤ መልሱም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ከተሠራ በኋላስ በየዓመቱ ስንት ይፈጃል?» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እትዬ፦ እኔ ደግሞ ሒሳቡ ውስጥ ሳትገቡ የምለው አለኝ። ያለፈው ሳምንት ለቅሶ ላይ ነበራችሁ አይደል? ድንኳኑ ማታ ተተከለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስንደርስ ሸራው መሃሉ ላይ ውሃ አቁሯል። ወጣቶቹ በእንጨት ሽቅብ እየገፉ ሲያፈሱት ውሃው የተዘረጋው አግዳሚ ላይ ወረደ። የአግዳሚው እግር ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። እኛ ከጓሮ ነበርን፤ እርጥብ እንጨት እፍ ስንል ዓይናችን ጠፋ። ወጥ የምታወጣዋ ልጅ በአንድ እጇ ድስቱን በላስቲክ ትከልላለች፣ በሌላ እጇ ትጨልፋለች። እናቷን ቀብራ የተመለሰች ሴት እግሯን የምታሳርፍበት ደረቅ መሬት አጣች። ስለ ገንዘብ ስታወሩ ይቺን ሴት አትርሱብኝ።

መምህር፦ ደግ አስታወሱን እትዬ። ደግሞስ አዳራሽ ለአገራችን ከተሞች መቼ አዲስ ነገር ሆነ? በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ቀበሌ የምንለው፣ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የቀበሌ አዳራሽ ተሠራ። ክፉም ደግም ታይቶበታል። ሰው በስብሰባ ተሰላችቶበታል፣ ፈርቶበታልም። ነገር ግን በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እኔ ወጣት መምህር ሆኜ ማታ ማታ በፋኖስ እናቶችን ፊደል ያስቆጠርኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ያ ዘመቻ በዓመቱ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ቤት ባይኖር ኖሮ የት እናስተምር ነበር?

መሐንዲሷ፦ ያንን አዳራሽ ትናንት ገብቼ አየሁት። በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ የቀበሌው ነው፣ አንዱ የወጣቶቹ ነው፣ የሦስተኛውን ባለቤት የሚያውቅ አላገኘሁም። ጣሪያው በየምስማሩ ዙሪያ ዝጎ ተበስቷል። ቀና ብዬ ቀዳዳውን ሳይ፣ ጎንበስ ብዬ ደግሞ ልክ ከሥሩ ጠብታው ሊሾውን ቦርቡሮ የሠራውን ጉድጓድ አየሁ። ኮርኒሱ በውሃ አብጦ ወርዷል። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ግድግዳውና መሠረቱ ግን ስንጥቅ የለባቸውም። ጋሼ፣ ያ ቤት አሸንዳ ቢኖረው፣ የላላው ምስማር በየጊዜው ቢጠብቅ፣ የዛገው ቆርቆሮ ቢለወጥ ኖሮ ዛሬ ስለ አዲስ አዳራሽ አንነጋገርም ነበር።

መምህር፦ ጥፋቱ የማን ነው ትያለሽ?

መሐንዲሷ፦ የአሠራሩ ነው። ከዚያው አዋጅ በኋላ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለደሃው ታስቦ ዝቅ ተደረገ፤ ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን የሚሰበሰበው ብር ለእድሳት አይበቃም፣ ኪራዩም ለዓመታት ሳይነካ ቆየ። ዛሬ የቀበሌ ቤቶች ያሉበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሹም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ለመሥሪያ ገንዘብ ተፈልጎ ተገኘ፤ ለማደሻ ግን የተመደበ አልነበረም።

እትዬ፦ እሺ፣ በቁጥር አስረጂኝ። ስንት ነው ለማደሻ የሚያስፈልገው?

መሐንዲሷ፦ ሕንጻ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች አንድ የታወቀ ልክ አላቸው። ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚፈጀው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ለጥገና ይያዛል። ለምሳሌ አዳራሹ 10 ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። ጥገናው በዓመት ከ200,000 እስከ 400,000 ብር ነው። የጥበቃ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ጽዳት ከዚህ ውጪ ናቸው። አሁን እድሩን እንየው። 400 አባላት በወር 50 ብር ጭማሪ ቢከፍሉ በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ቤቱን ለመጠገን እንኳ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። በዚያው መዋጮ ልሥራ ቢባልማ 10 ሚሊዮኑ ከ41 ዓመት በኋላ ነው የሚሞላው።

መምህር፦ እድራችን ብቻውን ከሆነ ነው። ሌሎቹ እድሮች ቢጨመሩስ?

መሐንዲሷ፦ ይቀላል። እድሮቹ ተደምረው 2,000 አባላት ቢሆኑ በዓመት 1,200,000 ብር ይሰበሰባል፤ 10 ሚሊዮኑ ከስምንት ዓመት ትንሽ አልፎ ይሞላል። ግን ዋጋው ስምንት ዓመት ቆሞ አይጠብቀንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ሲሚንቶ እዚሁ አገር ይመረታል፤ ሙገር አለ፣ ደርባ አለ፣ አሁን ደግሞ ለሚ ተጨምሯል። የፌሮና የቆርቆሮ ጥሬ ዕቃ ግን ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ስለዚህ ዛሬ በፕሮፎርማ የምናገኘውን ዋጋ ለሚቀጥለው ዓመት ቃል አድርገን ለሕዝብ መናገር የለብንም።

መምህር፦ ልጄ፣ እንዲህ ከተቆጠረማ በዚህ አገር ምንም አይሠራም ነበር። የጉራጌን ሕዝብ ተመልከቺ። በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ነጋዴው ከአዲስ አበባ፣ ገበሬው ከመንደሩ እያዋጣ፣ መንግሥትም እያገዛቸው አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር አገናኙ። መጀመሪያ ሒሳቡ ሞልቶላቸው አይደለም፤ ፈቃዳቸው ስለሞላ ነው።

መሐንዲሷ፦ እውነት ነው፣ እኔም የማደንቀው ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። እነሱ መዋጮውን የሚሰበስብ፣ ሥራውን የሚከታተል ቋሚ ድርጅት ነበራቸው። በአንድ ቀን ሞቅታ ተዋጥቶ የተበተነ ገንዘብ አልነበረም። ለእኛ የጎደለን ፈቃድ ይመስልዎታል? የጎደለን ያ ድርጅት ነው።

መምህር፦ ይህን እቀበላለሁ። ሌላ የሚያሳስበኝ ግን አለ። ሁሉንም በቁጠባ ዓይን ካየነው መጋዘን የመሰለ ቤት ሠርተን እንቀራለን። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ክብር ያስፈልገዋል። ሰው ሲገባበት ቀና ማለት አለበት።

መሐንዲሷ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ማስረጃም አለኝ። ፊንላንድ ውስጥ ሳይናትሳሎ የምትባል፣ በሐይቅ መሃል በደሴት ላይ ያለች የእንጨት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ነዋሪዋ 3,000 ገደማ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ሱቆች በአንድ ላይ የሚይዝ ሕንጻ ለማሠራት ውድድር አወጣች። ያሸነፈው አልቫር አልቶ የምክር ቤቱን አዳራሽ 17 ሜትር ከፍታ ሰጠው። የከተማዋ ሰዎች «ይህን ያህል ጡብ ለምን? ዋጋውስ?» ብለው ተከራከሩት። እሱም የጣሊያኗ ሲዬና ዝነኛ አዳራሽ 16 ሜትር ከሆነ የእኛ 17 ይሁን ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ተሠራ፤ በ1952 አለቀ። ዛሬ ከመላው ዓለም የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ሊያዩት ይሄዳሉ።

መምህር፦ አየሽ! ትንሽ ከተማ ትልቅ ነገር ማሰብ ትችላለች።

መሐንዲሷ፦ ትችላለች። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። የሕንጻው ምድር ቤት ሱቆች ነበሩት፤ የከተማዋ ሥራ ሲሰፋ ሱቆቹ ወደ ቢሮና ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲለወጡ ታስቦ ነው የተነደፈው። ማለት ገና ሲጀመር የነገው አገልግሎት ተቆጥሯል። በ1993 ደግሞ፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ ከተማዋ ከጎረቤቷ ከዩቫስኩላ ጋር ተቀላቀለች፤ ምክር ቤቱም ቀረ። ቤቱ ግን እስካሁን ተጠብቆ አለ፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው አካልና በጀት አለው። የእኛ ቀበሌ አዳራሽ የጎደለው ውበት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር።

እትዬ፦ የፊንላንድ ቋንቋ አልተማርኩም፤ የገባኝ ግን ይሄ ነው። ቤት ሲሠራ ኑሮው አብሮ ይታሰባል። እንግዲያው የእኛን ኑሮ ልንገራችሁ። ባለፈው ንድፍ ተብሎ ያሳያችሁንን ወረቀት አይቻለሁ። መድረክ አለው፣ የክብር እንግዳ መቀመጫ አለው። ወጥ ቤት የለውም። መጸዳጃው አዳራሹ ካለቀ በኋላ በሁለተኛ ዙር ይሠራል ይላል። ሦስት ቀን ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው በሁለተኛ ዙር ነው ወይ መጸዳጃ የሚሄደው? አሮጊቶች አሉ፣ እርጉዝ አለች፣ ሕፃን ያዘለች አለች።

መምህር፦ ይህን አላየሁትም ነበር።

እትዬ፦ ድስት የሚሸከም ነው የሚያየው። እኔ የምፈልገው ጭሱ ሽቅብ የሚወጣበት ወጥ ቤት፣ እጅ መታጠቢያ፣ የእድሩ ድስትና ሰሃን ተቆጥሮ የሚቀመጥበት ክፍል፣ የሴትና የወንድ ተብሎ የተለየ መጸዳጃ፣ ሰፊ በረንዳ ነው። መድረኩ ይቆይ።

መሐንዲሷ፦ እትዬ ያሉት ሁሉ በዋጋም ከአዳራሹ ያነሰ ነው፤ በአገልግሎት ግን የሚቀድም ነው። ውሃ በፈረቃ እየመጣ አዳራሽ ምን ያደርጋል ለሚሉትም መልስ አለው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 300 ካሬ ጣሪያ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 240,000 ሊትር ይቀራል። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ሁሉንም ማጠራቀም አንችልም። ግን አሸንዳና ጥቂት ሮቶ ቢኖር የመጸዳጃው፣ የእቃ ማጠቢያውና የጽዳቱ ውሃ የከተማውን መስመር አይነካም።

መምህር፦ ገቢውስ? ለሠርግና ለስብሰባ ብናከራየው ራሱን አይችልም?

መሐንዲሷ፦ በከፊል ይችላል። በመንገዱ በኩል ጥቂት ሱቆች ቢኖሩት ደግሞ ወር በወር የማይቋረጥ ገቢ ነው። አንድ አደጋ ግን አለ። ገቢው ሲጣፍጥ ቤቱ የገንዘበኛ ይሆናል፤ ያዋጣው ደሃ በር ላይ ይቀራል።

እትዬ፦ ለሠርግ ተከራይቶ ሳለ ሰው ቢሞትስ?

መምህር፦ ይህ በደንቡ ላይ በግልጽ ይጻፋል። ለቅሶ ይቀድማል፤ ለሠርጉ ድንኳኑ ይሰጠዋል፣ ገንዘቡም ይመለስለታል። ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በዕድሜዬ ያየሁት ስለሆነ ነው። አዳራሹ የማንም ፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ የማንም ሃይማኖት ብቻ መሰብሰቢያ አይሁን። ሁሉም በእኩል ኪራይ፣ በእኩል ተራ ይጠቀምበት። ቁልፉም በአንድ ባለሥልጣን እጅ አይግባ፤ እድሮቹ በመረጡት ቦርድ እጅ ይሁን።

መሐንዲሷ፦ ገንዘቡም እንደዚያው። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይሰብሰብ። ገንዘብ ያዡ፣ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ሦስቱም ሳይፈርሙ ከባንክ አይውጣ። የወሩ ገቢና ወጪ አንባቢ በሚያየው ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉት በእድሩ ስብሰባ ይነበብ። ከሥራ ተቋራጭ ጋር ስንዋዋል በመንግሥት ግዢ የተለመደውን ልክ እንያዝ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ እሱም ቢሆን በዋስትና። ቀሪው ሥራው እየተለካ ይከፈል። ይህን ስል ሰውን መጠርጠሬ አይደለም። ግልጽ ሒሳብ ታማኙንም ሰው ከሐሜት ያድነዋል።

መምህር፦ እንግዲህ እሑድ ምን ብለን እንቅረብ? አዲሱን እንሥራ ነው ወይስ አንሥራ?

መሐንዲሷ፦ እኔ የማቀርበው ፈተና ነው፤ የምንፈተነውም እኛው ነን። አሮጌው የቀበሌ አዳራሽ ግድግዳው ደህና ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በጽሑፍ ተዋውለን እንረከበው። ጣሪያው ይለወጥ፣ አሸንዳ ይግባለት፣ ከጓሮው እትዬ ያሉት ወጥ ቤትና መጸዳጃ ይሠራ። የጥገና መዋጮው ከዛሬ ይጀመር። ሁለት ዓመት እንያዘው። ሁለት ዓመት ንጹሕ፣ የማያፈስ፣ ሒሳቡ የተለጠፈ አድርገን ከያዝነው አዲሱን ለመሥራት ብቁ ነን፤ ሕዝቡም አምኖ ያዋጣል። ካልቻልን ደግሞ 10 ሚሊዮን ብር ከብክነት አድነናል።

መምህር፦ ሕዝቡ አሁን ተነሳስቷል። ሁለት ዓመት ቆዩ ስንለው እንዳይቀዘቅዝ ነው የምፈራው።

እትዬ፦ አይቀዘቅዝም መምህር። ሰው የሚቀዘቅዘው አዋጥቶ ምንም ሳያይ ሲቀር ነው። በየቦታው የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ሣር የበቀለበትን አይቷል። ለመጪው ክረምት ለቅሶ ቢደርስና ሰው ደረቅ ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ ሴቶቹ ጭስ ሳይበላቸው ቢያበስሉ፣ ለሚቀጥለው ዙር እኔ ራሴ በየቤቱ እየዞርኩ አሰባስባለሁ። በዓይኑ ያየውን ማንም አይነፍግም።

መምህር፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ። ከአሮጌው አዳራሽ አንዱ ጥግ መደርደሪያ ይግባበትና ማታ ማታ ለተማሪዎች መብራት ይብራ። ፊደል ያስቆጠርኩበት ቤት ስለሆነ ልጆች ሲያነቡበት ማየት እፈልጋለሁ። የአዲሱም ንድፍ ይዘጋጅ፤ ያማረ ይሁን፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ከመድረክ ይቅደሙበት። ሁለቱን ዓመት በደንብ ከያዝነው እኔ የመጀመሪያውን መዋጮ ከጡረታዬ እከፍላለሁ።

መሐንዲሷ፦ እኔም የንድፉንና የቁጥጥሩን ሥራ ያለ ክፍያ እሠራለሁ ጋሼ። በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ምልልሱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጉዳዩ ግን በብዙ ከተሞቻችን ገና በውይይት ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በከተማህ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣቶች ማዕከል ሊሠራ መዋጮ ሲጠየቅ እጅህን አትሰብስብ፤ የሕዝብ ቤት የሌላት ከተማ ሐዘኗንም ደስታዋንም በጭቃ ላይ ነው የምታሳልፈው። ብሩን ከመስጠትህ በፊት ግን ተነስተህ ጠይቅ። በየዓመቱ የሚያስፈልገው የጥገና ገንዘብ ስንት ነው? ከየት ይመጣል? የሚጠየቅበትስ ማን ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ የመሠረት ድንጋዩ አይቀመጥ።